ለአሻሻጮቼ ከፍዬ የከሰርኩበት ዓመት

በ2014 ዓ.ም. ገዢ እየላኩልኝ ኮሚሽን ለሚወስዱ አሻሻጮቼ ያወጣሁት ገንዘብ እነሱ ካስገቡልኝ ትርፍ ይበልጥ ነበር። ይህን ያወቅሁት ዓመቱ ካለቀ በኋላ፣ ጳጉሜን ላይ ደብተሬን ዘርግቼ ስደምር ነው። ሽያጩ ጨምሯል፣ ሸማኔዎቼ ፋታ አጥተዋል፣ ሱቁ ደምቋል፤ ገንዘቡ ግን የለም። ሌላ ነጋዴ በዚያው ጉድጓድ እንዳይገባ የሆነውን እንደ ሆነው ልጽፍላችሁ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም የማይርቅ ትንሽ የሸማ ሱቅ አለኝ። ጋቢ፣ ነጠላ፣ ኩታ፣ ሲታዘዝ ደግሞ የሐበሻ ቀሚስ እሸጣለሁ። ኮሮና እንግዳውን ከጣና ሲያርቅብን፣ በ2013 የእህቴ ልጅ ድረ ገጽ ሠራልኝ፤ የቴሌግራም ቻናልም ከፈተልኝ። ትንሽ ቆይቶ «አክስቴ፣ አፊሊየት ማርኬቲንግ እንጀምር» አለኝ። ምን እንደሆነ ሲያስረዳኝ ሳቅሁ። «ደላላ በለኝ እንጂ ምን ያስጨንቅሃል?» አልኩት። ነገሩ ያው ነው፤ ገዢ ላመጣልህ ሰው ከሽያጩ ትከፍላለህ። አማዞንም ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጽሐፉን በሌሎች ሰዎች ድረ ገጾች ሲያሻሽጥ የኖረው በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ ደላላው ገዢውን እጁን ይዞ ደጃፍህ ድረስ ያመጣዋል፣ ታየዋለህ። አፊሊየቱ ግን ገዢውን ከሩቅ ይልከዋል፤ ማን እንደላከው የሚነግርህ ሊንክ ወይም ኮድ ብቻ ነው። እኔ «አሻሻጭ» እያልኩ ነው የምጠራቸው፤ እናንተም እንደዚያ ተረዱልኝ።

የመጀመሪያው ስህተቴ የሒሳብ ነው። አንድ ጋቢ በ3,500 ብር እሸጥ ነበር። ፈትሉ፣ ጥለቱና የሸማኔው ዋጋ 2,600 ይወስዳል፤ ማሸጊያና ማጓጓዣ 150። የሚተርፈኝ 750 ብር ነው። የእህቴ ልጅ ኢንተርኔት ላይ ያነበበውን ይዞ «15 በመቶ ኮሚሽን ካልሰጠን ማንም አይመጣም፤ በኮድ ለሚገዛ ደግሞ 10 በመቶ እንቀንስ» አለኝ፤ እሺ አልኩት። 15 በመቶው 525 ብር፣ 10 በመቶው 350 ብር፣ ድምሩ 875። ከ750 ላይ 875 እንደማይነሣ የአንደኛ ክፍል ልጅ ያውቃል። እኔ ግን በእያንዳንዱ ጋቢ ላይ 125 ብር ከኪሴ እየጨመርኩ «ሽያጭ አደገ» እያልኩ ከረምኩ።

ኋላ ሲገባኝ፣ እንደዚያ ያለ ኮሚሽን የሚከፍሉት አብዛኞቹ ሶፍትዌር ወይም የኢንተርኔት ትምህርት የሚሸጡ ናቸው። ለእነሱ መቶኛው ገዢ ምንም ተጨማሪ ወጪ የለውም። መቶኛው ጋቢ ግን እንደ መጀመሪያው ያንኑ ፈትልና ያንኑ የሸማኔ ድካም ይበላል። ስለዚህ ኮሚሽን ስትወስኑ ሰው ከሚሰጠው ሳይሆን ከእጃችሁ ከሚተርፈው ተነሡ፤ ለገዢው የምትቀንሱትንም እዚያው ላይ ደምሩት። ዛሬ ለገዢው 5 በመቶ እቀንሳለሁ፣ ለአሻሻጩ ደግሞ ገዢው ከከፈለው 7 በመቶ እሰጣለሁ። በዚያው በ3,500 ዋጋ ብታሰሉት 340 ብር ያህል ይተርፋል። ብዙ አይደለም፤ ግን ይተርፋል።

ሁለተኛው ስህተት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ኮሚሽኑን የማስበው በትእዛዝ ነበር። አንድ ሰው ስሙንና ስልኩን ሞልቶ «ላኩልኝ» ካለ ለአሻሻጩ ይከፈለዋል። ገዢው ግን የሚከፍለው ዕቃው ሲደርሰው ነው፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው በዓይኑ ያላየውን ጋቢ አስቀድሞ አይከፍልበትም፣ አልፈርድበትም። ቲክቶክ ላይ ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ወጣት በአንድ ሳምንት 14 ትእዛዝ አመጣልኝ። ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ኮሚሽኑን በዚያው ቀን በቴሌብር ላክሁለት። ጋቢዎቹ በአውቶቡስ ተጫኑ። ሦስቱ ተሸጡ። የቀሩት 11 ሰዎች ግማሾቹ ስልካቸው ዝግ ነው፣ ግማሾቹ «አላዘዝኩም» አሉ፤ አንዷ «ወንድሜ ነው ያዘዘው፣ እሱ ደግሞ ክፍለ ሀገር ሄዷል» አለች።

ጋቢዎቹ በአንድ ማዳበሪያ ታጭቀው ተመለሱ። መናኸሪያ ሄጄ ስቀበል ማዳበሪያው ከታች እርጥብ ነበር፤ ሱቅ ወስጄ ስፈታው የአንዱ ጋቢ ጥለት ናፍጣ ጠጥቷል። ነጭ ጋቢ ላይ የነካ ናፍጣ በቀላሉ አይለቅም፤ ሞክሬዋለሁ። እሱን ለብቻ አስቀምጬ ሌሎቹን አንድ በአንድ ሳጥፍ የላኪ ወረቀቶቹን አየሁ። አምስቱ አድራሻ የአንድ ኮንዶሚኒየም አንድ ብሎክ ነው። ጋቢዎቹን መጀመሪያ ስልክላቸውም አድራሻው እንዲሁ ነበር፤ ስም ሲለያይ ብቻ እያየሁ አምስት ቤት መስሎኝ ነበር።

ለወጣቱ አልደወልኩለትም። ምን ልበለው? ሌባ ነህ ልበለው? ይሉኝታ ያዘኝ። በሚቀጥለው ወር ስድስት ትእዛዝ ጨመረልኝ፤ ከስድስቱ አንዱ ብቻ ተሸጠ።

ይህ የእኛ ሰው ብልሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኢቤይን የሚያህል የኢንተርኔት ገበያ ኩባንያ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ኮሚሽን ሲከፍላቸው የኖሩ ሁለት ትልልቅ አሻሻጮቹ፣ ሊንኩን ያልነካ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሳይቀር የኢቤይን ኩኪ (ገዢው በማን ሊንክ እንደመጣ የሚመዘግብ ትንሽ ፋይል) በድብቅ እያስቀመጡ፣ ያ ሰው በራሱ ጊዜ ኢቤይ ገብቶ ሲገዛ «እኛ ነን የላክነው» ይሉ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. ተከሰው በ2014 እ.ኤ.አ. የእስር ቅጣት ተፈረደባቸው። አንድ ኩባንያ ሙሉ የኮምፒውተር ባለሙያ ይዞ ይህ ከደረሰበት፣ እኔ በደብተር የምሠራው ልጠነቀቅ ይገባኝ ነበር።

አሁን ኮሚሽን የሚከፈለው ገዢው ከፍሎ፣ ዕቃውን ተቀብሎ፣ ከዚያም 10 ቀን ሳይመልስ ሲቆይ ነው። እስከዚያ ድረስ መዝገቡ ላይ «በመጠባበቅ» ይላል። አሻሻጮች መጀመሪያ ያጉረመርማሉ። ሐቀኛው ግን አንዴ ካስረዳችሁት ይቀበላል፤ አጥብቆ የሚጨቃጨቀውን ልብ በሉት።

የኮዱ ታሪክ ግን የሚያስቅ ነው። ለእያንዳንዱ አሻሻጭ ጣና ጣና የሚል ቃል ልስጥ ብዬ «ዓሣ»፣ «ሐይቅ»፣ «ፀሐይ»፣ «ታንኳ»፣ «ደንገል» እያልኩ አደልኳቸው። «ሐይቅ» የደረሳት ልጅ ከወር በኋላ ደውላ «ጓደኞቼ ገዝተዋል፤ ለእኔ ግን ምንም አልተቆጠረም» አለች። ዋሸች ብዬ አሰብኩ። የእህቴ ልጅ ድረ ገጹ ያልተቀበላቸውን ኮዶች ዝርዝር ሲከፍት፦ «ሀይቅ»፣ «ሃይቅ»፣ «ኃይቅ»፣ «ሐይቅ» ከኋላው ክፍት ቦታ ያለው። «ዓሣ»ማ በስንት ዓይነት እንደተጻፈ አትጠይቁኝ። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው፤ ሀገሬው ደግሞ እንደ መጣለት ይጽፋል። ልጅቷን ይቅርታ ጠይቄ የቀረባትን ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ በኮዶቼ ውስጥ ሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ፣ ወንድሞቻቸውም ጭምር አይገቡም። ታንኳ፣ ደንገል፣ ጀልባ፣ ጉማሬ፣ ቡና፤ በቃ።

ሦስተኛው ጥፋት በቃል የመጣ ነው። አንዲት አሻሻጭ ጋቢዎቼን «ሙሉ በሙሉ የእጅ ፈትል» እያለች ታስተዋውቅ ነበር። የእኔ ጋቢ ማጉ የእጅ ፈትል ነው፤ ድሩ ግን የፋብሪካ ክር ነው፤ አብዛኛው ሸማኔ የሚሠራውም እንደዚያው ነው። አንዲት እናት ገዝተው ጫፉን ፈትተው ድሩን በጣታቸው አሻሽተው አወቁት። ደውለው «ልጄ፣ እኔ ስፈትል ነው ያደግሁት» ሲሉኝ የምገባበት ጠፋኝ። አሻሻጯ ለክፋት አልዋሸችም፤ እኔ ስለ ዕቃው አንድም ነገር ጽፌ አልሰጠኋትም። ዛሬ ለእያንዳንዱ አሻሻጭ አንድ ገጽ እሰጣለሁ፦ ድሩ ምን እንደሆነ፣ ማጉ ምን እንደሆነ፣ ጋቢው አራት እጥፍ ነጠላው ሁለት እጥፍ መሆኑን፣ እንዴት እንደሚታጠብ፣ በስንት ቀን እንደሚደርስ፤ ከሥሩ ደግሞ «ከዚህ ውጭ አይባልም»። ፎቶዎቹንም እኔው እሰጣለሁ። ኮሚሽን እንደሚያገኙም ለተከታዮቻቸው በግልጽ እንዲናገሩ አደርጋለሁ። አሜሪካ ያለችው አሻሻጬ ይህን የምታደርገው የአገሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ስለሚያስገድዳትም ነው፤ የእኛዎቹ ግን መጀመሪያ ሽያጭ ይቀንሳል ብለው ፈሩ። አልቀነሰም።

አሁን ወደዚያ ጳጉሜን ልመለስ። ደብተሩን በኮድ በኮድ ለያይቼ ስደምር «ታንኳ» ላይ ስደርስ ቆምኩ። 23 ሽያጭ፣ የተመለሰ የለም። የተከፈለ ኮሚሽን የሚለው ቦታ ደግሞ ባዶ ነው። «ታንኳ» የአንድ አስጎብኚ ኮድ ነው፤ እንግዶችን በጀልባ ዘጌ ወስዶ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የሚያስጎበኝ፣ ቲክቶክም ሆነ ተከታይ የሌለው ሰው። በ2014 የገና በዓል ዳያስፖራው በብዛት ወደ አገር ቤት ሲገባ፣ ሲመለሱ «ጋቢ ከፈለጋችሁ እዚህ ግቡና ታንኳ በሉ» ብሎ ወረቀት ይሰጣቸው ነበር። አንድም ቀን ገንዘቤ የት አለ አላለኝም። እኔ ደግሞ የምከፍለው ለሚደውል ነበር። 11 ባዶ ትእዛዝ ላመጣው በዚያው ቀን ከፍዬ፣ 23 እውነተኛ ገዢ ላመጣው 12,075 ብር ዕዳ አለብኝ። ከሚያዝያ ወዲህም ዞር ብሎ አያውቅም።

መስከረም 16 ቀን ኪዳነ ምሕረትን ልሳለም በጀልባ ዘጌ ሄድኩ። ከባሕር ዳር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ጀልባው ከሚቆምበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቡናው ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ገንዘቡን በፖስታ ሰጠሁት። ሳይቆጥር ኪሱ ከተተው። «ቁጠረው፣ ፈርምልኝም» አልኩት። «ኧረ እትዬ፣ ከእርስዎ ጋርማ» አለ። ስለምነው ፊቱን ወደ ዛፉ አዙሮ ቆጠረ፤ በእኔ ፊት መቁጠር ነውር ሆኖበት። ለምን እንደቀረ ስጠይቀው ዝም ብሎ ቆይቶ «እኔ እኮ ሲመችዎ ብዬ ነው። እዚያኛው ሱቅ ግን እንግዳው ወጥቶ ሳይጨርስ ነው የሚሰጠኝ» አለኝ።

ከዚያ ጥላ ሥር የተረዳሁት እስከ ዛሬ ይጠቅመኛል። እኛ ዘንድ ጥሩው ሰው አይጠይቅም። ይሉኝታ አለበት፤ ለልጆቹ ትምህርት ቤት የሚከፍለውን ገንዘብ እንኳ «ሲመችዎ» ይላል። የሚጠይቀውና የሚጮኸው ሁልጊዜ ባለመብቱ አይደለም። ስለዚህ ክፍያን ለጠያቂ ካደረጋችሁት ሐቀኛውን ታጣላችሁ፣ ዓይን አውጣው ይቀራችኋል። እኔ የክፍያ ቀኔን ወር በገባ በ16 አደረግሁት። በኪዳነ ምሕረት ቀን፤ ማንም አይረሳውም፣ እኔም አልረሳውም። ማንም ሳይደውል፣ የማንም ቁጥር ትንሽ ነው ሳይባል፣ በቴሌብር ይላካል፤ ከስንት ሽያጭ እንደሆነ የሚገልጽ አጭር መልእክትም ይከተላል። ገንዘብ ካጠረኝ ደግሞ በ15 እደውላለሁ እንጂ በ17 አልደበቅም።

ደንቡንም ያን ጊዜ ነው በጽሑፍ ያደረግሁት። አንድ ገጽ ነው፤ የእህቴ ልጅም ሳይቀር ፈርሞበታል። ከዘመድ ጋር መፈራረም መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። ስንት በመቶ፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ እንደማይከፈል፣ በራስ ኮድ ለራስ መግዛት እንደማይቻል፣ በእኔ ሱቅ ስም ቻናል መክፈት እንደማይቻል ይላል። የመጨረሻው ከመከራ የመጣ ነው። አንዱ አሻሻጭ የሱቄን ስምና ፎቶ ይዞ ሌላ የቴሌግራም ቻናል ከፍቶ፣ እኔን ስሜን ጽፈው የሚፈልጉኝን ገዢዎች እየያዘ በኮዱ ይልክልኝ ነበር። ሊመጣ የነበረን ሰው በር ላይ ይዞ ኮሚሽን መቀበል ማለት ነው። ይህን የያዝኩት ከዱሮ ደንበኞቼ ሦስቱ በአንድ ሳምንት በኮድ ሲገዙ ነው። አሻሻጭ ሊያመጣልህ የሚገባው አዲስ ሰው ነው፤ የዱሮ ደንበኛ በኮድ ሲመጣ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ መሣሪያው ብዙ ትጠይቁኛላችሁና ባጭሩ። ድረ ገጻችሁ በዎርድፕረስና በዉኮሜርስ የተሠራ ከሆነ አፊሊየት ደብልዩፒ፣ ሾፒፋይ ላይ ከሆነ ሪፈርሽን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ሊንኩን፣ ኮዱን፣ «በመጠባበቅ» የሚለውንም ራሳቸው ይይዛሉ። ክፍያቸው በዶላር መሆኑ ግን ለእኛ ቀላል አይደለም። እኔ የምሠራው በጉግል ሺት ነው፦ ቀን፣ ኮድ፣ የተከፈለ ብር፣ ዕቃው የደረሰበት ቀን፣ አሥረኛው ቀን፣ ኮሚሽን፣ የተላከበት የቴሌብር ቁጥር። ለእያንዳንዱ አሻሻጭ የራሱን ብቻ የሚያይበት ገጽ አለው፤ ጭቅጭቁን ግማሽ ያደረገልኝ ይህ ነው።

ድረ ገጽ የሌላችሁ ደግሞ ቴሌግራምን ተጠቀሙበት። የቻናል አስተዳዳሪ ለእያንዳንዱ አሻሻጭ የተለየ የመጋበዣ ሊንክ መፍጠር ይችላል፤ በየትኛው ሊንክ ስንት ሰው እንደገባ ይታያችኋል። ቦት (ለደንበኛ በራሱ የሚመልስ የቴሌግራም ፕሮግራም) ካላችሁ በሊንኩ መጨረሻ ላይ የአሻሻጩን መለያ ማስገባት ይቻላል፤ እሱ ግን የአማርኛ ፊደል አይቀበልም፤ በላቲን ፊደልና በቁጥር ጻፉት። በሊንክ ብቻ አትተማመኑ። ሰው ቲክቶክ ውስጥ ሊንኩን ነክቶ ያያል፣ ማታ በሌላ ስልክ ይገዛል፤ ኩኪው በመጀመሪያው ስልክ ቀርቷል፣ አሻሻጩም ተበድሏል። በአፍ የሚነገር ኮድ ግን ከሰውየው ጋር ይሄዳል።

ይህን በደንብ ያየሁት በ2015 ክረምት ነው። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሊንኮቼ ሁሉ ዋጋ አጡ። ባሕር ዳር ሆኜ ትእዛዝ ማየት አልቻልኩም። አዲስ አበባ ያለች እህቴ ትእዛዞቹን እያየች በስልክ ታነብልኝ ነበር፦ «ሁለት ነጠላ፣ ደንገል፤ አንድ ጋቢ፣ ታንኳ።» በዚያ ሁሉ ወር በኮድ ከሚሠሩት የማንም ኮሚሽን አልጠፋም። በሊንክ ብቻ ይሠሩ የነበሩት ሁለቱ ግን ሳይቆጠርላቸው ቀረ፤ በግምት ከፈልኳቸው።

ግብርን አትርሱ። ለአሻሻጭ የሚከፈለው የአገልግሎት ክፍያ ነው። በ2008 በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ 979 ከ3,000 ብር በላይ ለሆነ የአገልግሎት ክፍያ 2 በመቶ በቅድሚያ ተቀንሶ ይያዝ ነበር፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ለሌለው ደግሞ 30 በመቶ። ከዚያ ወዲህ አዋጁ ተሻሽሏል፤ የአሁኑን መጠን ከአካባቢያችሁ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። አሻሻጮቻችሁን መለያ ቁጥር እንዲያወጡ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ከፍያችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ማን ይመልስላችኋል?

አንድ ያልጨረስኩት ነገር አለኝ። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን አንዲት ሴት ሱቅ ገብታ ሁለት ጋቢና አንድ ቀሚስ መረጠች። ስትከፍል «ኮድ አለኝ፤ ጉማሬ» አለች። ጉማሬ አዲስ አበባ ያለች የቲክቶክ አሻሻጬ ናት። ከበሩ ውጭ ግን አስጎብኚው ቆሟል፤ ከዘጌ ያመጣት፣ ሱቁንም ያሳያት እሱ ነው። እንደ ደንቡ ሲከፈል የተነገረው ኮድ ያሸንፋል። እሱ ምንም አላለም፤ ጫማውን ያይ ነበር። ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ኮሚሽኑን ለሁለት ከፈልኩት፤ ለልጅቱም ደውዬ ነገርኳት። ሳትከፋ አልቀረችም። ደንቡ ላይ ግን እስካሁን አልጻፍኩትም።